ከመደርደሪያው አንድ ስንዝር በታች

ጣራው የዳነ እጁን እንደ ሌባ ደብቆ ክሊኒክ መመላለስ ከጀመረ እነሆ ሦስት ሳምንት ሆነው።

«ጣራው» የሚሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ለሳኝ ነው፤ ግድግዳ ሲሰጡት ፊቱን ያጠቁራል፣ ጣራ ሲሰጡት ያፏጫል። ከአሥራ አንድ ሳምንት በፊት የቆመበት ጣውላ ከእግሩ ሥር ከዳውና በቀኝ እጁ ብረት ይዞ ተንጠለጠለ። ነፍሱ ተረፈች፤ ትከሻው ግን ከቦታው ወጣ። ሐኪሞች አጥንቱን መልሰው፣ እጁን በጨርቅ አንጠልጥለው፣ «አሁን የቀረው ማሠራት ነው» ብለው ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ላኩት።

እሷን ሕመምተኞቿ በሌለችበት «ወጌሻዋ» ይሏታል። አንድ ቀን ሰምታ፣ «አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥኩት ወጌሻ ለመባል ነው?» ብላ ተቆጣች። ተቆጥታ ስታበቃ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ጣራው በመስታወቱ ውስጥ ስትስቅ አያት። እሷም በመስታወቱ ውስጥ እያያት መሆኑን አየች። ሁለቱም ቶሎ ብለው ሌላ ነገር ማየት ጀመሩ። ነገሩ የተጀመረው ያን ቀን ነው።

ክፍሏ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ጎን፣ አንድ ባዶ ግድግዳ አለ። ልስኑ መሃሉ ላይ ያበጠ ነው፤ ጣራው ባየው ቁጥር ይናደድበታል። ሕመምተኛው ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ይቆምና ሁለት ጣቶቹን ግድግዳው ላይ እንደ እግር እያራመደ ሽቅብ ይወጣል። ጣቶቹ እምቢ ያሉበት ቦታ ላይ እሷ በእርሳስ ታሰምርና ቀኑን ትጽፍበታለች። የጣራው መስመሮች ከሆዱ ትይዩ ተነሥተው ደረቱን፣ አገጩን፣ ግንባሩን አልፈው ወጥተዋል። ከሁሉም በላይ፣ እጅ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ብቻ የሚደረስበት አንድ ጠባብ የእንጨት መደርደሪያ አለ። ከመደርደሪያው አንድ ስንዝር በታች ግን መስመሩ ቆሟል። አምስት ቀን የተሰመሩ አምስት መስመሮች አንድ ቦታ ላይ ተደራርበው ወፍረውና ጠቁረው ይታያሉ።

«እስኪ ውጣ» አለችው ማክሰኞ ዕለት።

ጣቶቹን አራመደ። አንድ ስንዝር ሲቀረው ጥርሱን ነክሶ ቆመ።

«በቃ?»

«በቃ። አልሄድ አለኝ።»

«የቱ ጋ ነው የሚይዝህ? እዚህ?» ጣቷን ከትከሻው ጀርባ አሳረፈች።

«አዎ፣ እዚያ ጋ።»

«ባለፈው ከፊት ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ይዞራል።»

ማዶ ወንበር ላይ በገመድ እጁን ወደ ላይና ወደ ታች የሚስበው ጡረተኛ ሾፌር ሳቀ። ትከሻው የደረቀበት፣ ምላሱ ግን ያልደረቀበት ሽማግሌ ነው። «የዚህ ልጅ ሕመም ታክሲ ነው» አለ። «ተሳፋሪ ባገኘበት ይቆማል።»

«ጋሼ ሾፌር፣ እርስዎ ሠላሳዎን ጨርሰዋል?»

«ሃያ ሁለት ላይ ነኝ፣ ልጄ። የእኔ ትከሻ የኋላ ማርሽ ብቻ ነው የሚቀበለው።»

«ክርንህን!» አለች ወዲያው፣ ወደ ጣራው እንኳ ሳትዞር። ሌላ ነገር ሊያመልጣት ይችላል፤ የታጠፈ ክርን አያመልጣትም። «ዘርጋና ያዘው። ሠላሳ እስክትቆጥር እንዳታወርድ።»

ጣራው ክርኑን ዘረጋና ቆጠረ። ዓይኑ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ከምትታየው የታጠፈች ወረቀት ላይ ነበር። እሷው ናት ከሦስት ሳምንት በፊት በርጩማ ላይ ቆማ ያስቀመጠቻት። «እዚያ ላይ ያንተ የሆነ ነገር አለ» ብላው ነበር፣ እሱን ትታ እርሳሷን እያየች። «በበርጩማ የለም፣ በግራ የለም። በዚህኛው እጅ ካልሆነ እንዳትነካው።»

ያን ዕለት እጁን ሊያነሣ ጀምሮ ነበር። ሊያወርዳት ምንም አልቀረውም። እሷ ለአፍታ ስትወጣ ግን ጋሼ ሾፌር ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «የስንብት ወረቀት ነው። ጉልበቷን ታማ የነበረችውን ጎረቤቴንም እንዲሁ ነው ያደረገቻት፤ ደረጃው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ‹ውጪና ውሰጂው› አለቻት። ወጣች፣ ወሰደች። ይኸው ከዚያ ወዲህ እዚህ ደርሳ አታውቅም።»

ሽማግሌው አልዋሸም። የጎረቤቱ ወረቀት በእርግጥም የስንብት ነበር። ጣራውም ያን ጊዜ ሒሳቡን ሠራ፦ እጁ ከደረሰ ማክሰኞ የለም፣ ዓርብ የለም፣ «ክርንህን» የለም። በአምስተኛው ሳምንት ላይ ደፍሮ ሻይ ልጋብዝሽ ብሏት፣ «ካርድህ እኔ እጅ ላይ እያለ ከእኔ ጋር ሻይ የለም» ብላው ነበርና ከዚህ ግድግዳ ውጭ ሌላ መገናኛ አልታየውም። የተናገረችው ስለ ካርድ ነበር። እሱ የሰማው ስለ ልስን ነው፤ የታወቀ የአጥንት ሐኪም ልጅ ከለሳኝ ጋር ሻይ የለም ያለችው መሰለው። ምኑ ይፈረድበታል? አባቷ፣ የክሊኒኩ ባለቤት፣ ሠራተኛ ሰው ሲመጣ ከጫማው ጀምሮ ወደ ላይ የሚመረምር ሐኪም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ ጋ ሳይደርስ ይጨርሳል።

«ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ» አለ ጣራው።

ስድስተኛውን መስመር በአምስቱ ላይ ደርባ አሰመረች። ከዚያ እርሳሷን ኪሷ ከተተችና መዳፏን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ለምርመራ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ቆየች።

«ያሉኝን መጻሕፍት ሁሉ አገላበጥኩ» አለች ቀስ ብላ። «ምን እንደማደርግህ አላውቅም። ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን አይቀርም።»

«ያንቺ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

ጣራው ዓይኑን ወደ ያበጠው ልስን አዞረ። እሷ ወደ መደርደሪያው ቀና ብላ አየች፣ ከዚያ እሱን አየች፤ ልትለምነው ፈልጋ አፏን የያዘች ትመስል ነበር። «ዓርብ ና» አለችው ብቻ።

መንገዱን ሁሉ መዳፏ ትከሻው ላይ እንዳለ ሆኖ ተሰማው። በሌላኛው እጁ እንኳ ሊነካው አልደፈረም፤ ከነካው የሚጠፋ መሰለው።

በማግሥቱ ጠዋት እህቱ ወጥ ቤት ደርሳ ያዘችው። ጨው ሲፈልግ ነበር። የጨው ጣሳ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ነው፤ ጣራውም ሐሳቡ ሌላ ቦታ ስለነበር በቀኝ እጁ ሽቅብ ተንጠራርቶ አወረደው።

«አንተ!»

ጣሳው ከእጁ ሊወድቅ ነበር።

«ይኼ እጅ ነው አልነሣ ያለው? ለፎርማንህ ሦስት ጊዜ ‹ገና ነው፣ አልዳነም› ብዬ የማልኩለት እጅ ይኼ ነው?»

«እትዬ፣ ቀስ በይ።»

«ቀስ አልልም! ሰው ለመዳን ክሊኒክ ይሄዳል። አንተ ላለመዳን ነው የምትሄደው?» ጣሳውን ነጠቀችው። ፊቱን ስታይ ግን ድምፅዋ ወረደ። እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት፤ ይህን ፊት ታውቀዋለች። «ማናት?»

ጣሳውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም።

«እዚያው ያለችው ናት?»

«የዶክተሩ ልጅ ናት።»

«እና? የዶክተር ልጅ ልብ የላትም?»

«ከዳንኩ ታሰናብተኛለች፣ እትዬ።»

«ካልዳንክስ ምን ልታደርግህ ነው? ታገባሃለች?» እህቱ ሳትወድ ሳቀች፤ ሳቋን ግን ቶሎ ዋጠችው። «ስማኝ፣ ወንድሜ። ያቺ ልጅ እጇን ትከሻህ ላይ አሳርፋ የምትደክመው ለውሸትህ ነው። ብታውቅ ምን ይሰማታል? እስኪ ይኼን አስበኸዋል?»

አላሰበውም ነበር። የራሱን ናፍቆት ሲያስታምም ድካሟን ረስቶት ኖሯል። ዓርብ እንደሄደ ሁሉንም ሊነግራት ወሰነ፤ ወረቀቷንም ሊያወርድ፣ ስንብቱንም ሊቀበል። ወስኖ ሲያበቃም ልቡ ውስጥ የቀረው ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ አንዴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ «ክርንህን» ስትለው መስማት።

ዓርብ ግን ከጠረጴዛዋ ኋላ የተቀመጠው አባቷ ነበር።

ዶክተሩ የጣራውን ካርድ በሁለት ጣቱ ይዞ ጫማውን አየ። «ቁም። እጅህን አንሣ።»

ጣራው ከልማዱ የተነሣ እዚያችው አንድ ስንዝር የጎደለችበት ቦታ ላይ ቆመ። ዶክተሩ የማዕዘን መለኪያውን ትከሻው ላይ አደረገ።

«መቶ ሠላሳ አምስት ዲግሪ። ላንተ ሥራ ይበቃል። ጨርሰሃል።»

ይበቃል! በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ክሊኒክ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቴኒስ የሚጫወት አንድ ሀብታም ሰውዬ «ክንድዎ ጆሮዎን ካልነካ አንለቅዎትም» ተብሎ አራተኛ ወሩን ይታሻል። ቀኑን ሙሉ ክንዱን ከጆሮው በላይ አንሥቶ የሚውለው ለሳኝ ግን ሩብ እጁ ቢቀርም ይበቃዋል። ዶክተሩ ይህን የፈረደው የሆነ ለሳኝ፣ የሆነ ቀን፣ አንገቱ እስኪሰበር ቀና ብሎ በለሰነው ጣራ ሥር ተቀምጦ ነው። ቀና ብሎ ግን አይቶት አያውቅም።

«እሷስ?» አለ ጣራው።

«ማን እሷ?»

«ባለሙያዋ።»

«ልጄ ከዛሬ ጀምሮ የገጠሩን ቅርንጫፋችንን ትይዛለች። ሁለት ዓመት።» ዶክተሩ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «የአንድ የቀን ሠራተኛን ትከሻ በሦስት ሳምንት አንድ ስንዝር ማንቀሳቀስ ያቃታት ባለሙያ እዚህ ምን ትሠራልኛለች? እዚያ ሄዳ ትማር።»

ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የጋሼ ሾፌር ገመድ ሲንሿጠጥ ብቻ ሆነ። ጣራው ካርዱ ላይ በንጹሕ እጅ ጽሕፈቷ የተደረደሩትን ቀኖች አየ። «ለውጥ የለም። ለውጥ የለም። ለውጥ የለም።» ሦስት ሳምንት ሙሉ በራሷ ላይ ስትመሰክር ነበር። የሐሰቱ ምስክር ደግሞ እሱ ነው።

«አቃታት?» አለ።

«ካርድህ ይናገራል።»

«ካርዱ ይዋሻል!»

እጁን አነሣ። አንድ ስንዝሯን አለፈ፣ መደርደሪያውን አለፈ። ክንዱ ጆሮው ላይ ተለጥፎ፣ ጣቶቹ ወደ ኮርኒሱ ተዘርግተው ቆሙ። «ይኸው ዶክተር፣ ይለኩ! መቶ ሰማንያ ነው! ያዳነችኝ እሷ ናት! የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ሲያመኝ የነበረው ሌላ ነው! ከፈለጉ እኔን ገጠር ይላኩኝ!»

የጋሼ ሾፌር ገመድ ከእጁ አመለጠ።

ዶክተሩ ግን የሚያየው ጣራውን አልነበረም፤ ከጀርባው በሩን ነበር። ጣራውም ዞረ። መጻሕፍቷንና የላስቲክ መለማመጃዎቿን የያዘ ካርቶን ታቅፋ ቆማለች። ዓይኗ እጁ ላይ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መደርደሪያው ሄደ፣ ጫፏ ብቅ ወዳለው ወረቀት፤ እንደገና ወደ እጁ ተመለሰ።

«ይደርስ ነበር» አለች።

«ስሚኝ…»

«ከመቼ ጀምሮ?»

መዋሸት አስጠላው። «ሦስት ሳምንት ሆነው።»

በዝግታ ራሷን ነቀነቀች። ካርቶኑን ጠበቅ አድርጋ ታቀፈችው። «አንብበህ መልሰህ ካስቀመጥካት ‹አልፈልግም› ማለት ይቻል ነበር እኮ። አላለቅስብህም ነበር። እኔ እኮ… እኔ እጅህን ያበላሸሁት መስሎኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

«ምኑን ነው የማልፈልገው?» ሊላት አፉን ከፈተ። እሷ ግን ዞራ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የሚርቀው የጫማዋ ድምፅ አንድ በአንድ ደረቱ ላይ ያረፈ መሰለው።

«ተከተላት እንጂ፣ ምን ትገተራለህ!» አለ ጋሼ ሾፌር።

ጣራው አስቀድሞ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደና ወረቀቷን አወረደ። ሦስት ሳምንት አቧራ ለብሳለች። ዘረጋት።

«ይህን የምታነበው በቀኝ እጅህ አውርደኸው ከሆነ እንኳን ደስ ያለህ። ከአሁን ጀምሮ ሕመምተኛዬ አይደለህም፤ ካርድህ ከእጄ ወጥቷል። ስለ ሻይ የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። ያን ቀን የመለስኩልህን ቤቴ ገብቼ ደጋግሜ ተጸጸትኩበት፤ ግን ካርድህ እኔ ጋ እያለ ሌላ ልልህ አልችልም ነበር። የታመመ ሰው እጁን ለያዘው ሰው ልቡ ይሸነፋል፤ ያንተም እንደዚያ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። የእኔ ግን እንደዚያ አይደለም፤ እኔን ማንም አላከመኝም። ስለዚህ አንተ እስክትድን ቀን ስቆጥር ኖሬአለሁ። አንተ በመጣህበት ቀን ሁሉ ከሥራ ስወጣ ማዶ ያለው ሻይ ቤት፣ መስኮቱ ጋ እቀመጣለሁ። ባትመጣ ይገባኛል፤ ምንም እንድትለኝ አልፈልግም። ብትመጣ ለአባቴ የምነግረው እኔ ነኝ። አንተ እጅህን ብቻ አንሣ።»

ፊደሎቹ ተደበላለቁበት።

«ምን ይላል?» አለ ጋሼ ሾፌር፤ ጣራው ሳይመልስለትም የፊቱን ነገር አይቶ ገባው። «ወይኔ! ለካ ለዚህ ነው ማክሰኞና ዓርብ ማዶ ያለው ሻይ ቤት መስኮት ጋ ብቻዋን ሳያት የነበረው። ሌላ ሰው የምትጠብቅ መስሎኝ ነበር።» ድምፁ ሰለለ። «ልጄ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። እኔ የታጠፈ ወረቀት ሁሉ የስንብት ይመስለኛል። ጡረታ ስወጣ የሰጡኝም እንዲሁ ታጥፎ ነበር።»

ስድስት ቀን። ስድስት ብርጭቆ ሻይ። እሱ ከመደርደሪያው አንድ ስንዝር በታች ቆሞ ላለመለየት ሲዋሽ፣ እሷ ማዶ ተቀምጣ በሩን ስታይ። ጣራው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ።

የክሊኒኩ ነጭ መኪና ግቢው ውስጥ ሞተሯ ተነሥቶ ነበር። እሷ ከኋላ ተቀምጣለች፣ ካርቶኑ ጭኗ ላይ። መስኮቱ ተዘግቷል።

«አሁን ነው ያነበብኩት!» ብሎ ጮኸ። «የስንብት ወረቀት መስሎኝ ነው! ልሰናበትሽ ስላልፈለግኩ ነው!»

መኪናዋ ወደ በሩ ተንቀሳቀሰች። ሮጦ ሊደርስባት ይችል ነበር፤ እጀታዋን ሊይዝ ይችል ነበር። ግን ምን ብሎ? ሦስት ሳምንት የዋሸ አፍ ይታመናል? ያልዋሸ ነገር ፈለገ። የእሷ የመጨረሻ ቃል ደግሞ መዳፉ ውስጥ ነበር፦ አንተ እጅህን ብቻ አንሣ።

ግቢው መሃል ቆመና ቀኝ እጁን አነሣ፤ ወረቀቷ ጣቶቹ መሃል ተዘርግታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እሷ እንዳስተማረችው ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። ዘበኛው የግቢውን በር ሊከፍት እየሄደ ዞሮ አየው። ከላይ መስኮቶቹ ላይ ሰዎች ብቅ አሉ። ዶክተሩም ከነዚያ አንዱ ነበር። ጣራው አላፈረም። ሰባት፣ ስምንት። ለካ እጅ እንዲህ ይከብዳል። አሥራ አራት። አሥራ አምስት።

በሩ ተከፈተ። በሩ ጋ የቆመችው መኪና የፍሬን መብራቶች ቀልተው ቆይተዋል፤ አሁን ይጠፋሉ፣ አሁን ትወጣለች ብሎ ጠበቀ። ሃያ። ትከሻው ተቃጠለ፤ ይህ ሕመም የእውነት ነው። ሃያ ሁለት። በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው፣ ዘበኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ መብራቶቹ አልጠፉም። ሃያ አራት። ክርኑ መታጠፍ ጀመረ።

የኋላው መስኮት ዝቅ አለ። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ከዚያ ድምፅዋ መጣ፤ ተቆጥታ፣ እንባ አንቋት፣ ግቢውን ሁሉ ሰንጥቆ።

«ክርንህን!»

ጣራው ክርኑን ዘረጋ። ፊቱ በእንባ እየራሰ፣ ካቆመበት ቀጠለ። ሃያ አምስት።